የውባየሁ ሁለት ድምፅ

ውባየሁ ወልደ ጊዮርጊስ «እኔ በሕይወቴ በሰው ቀንቼ አላውቅም» ማለት ይወድ ነበር። ይህን የሰማ ሁሉ ሳቁን ለመደበቅ ፊቱን ያዞራል። ከጂንካ ሽቅብ አንድ ሰዓት ተኩል በእግር በሚያስኬደው በዚያ ቀበሌ፣ የጎረቤት ላም መንታ ስትወልድ እንቅልፍ የሚያጣ ሰው ቢኖር ውባየሁ ነው። የላሟ ነገር ግን ለአፍ ማሟሻ ያህል ነበር። እውነተኛውን ቅናቱን፣ ሥሩ የጠለቀውን፣ ለአንድ ሰው ብቻ ነበር ያስቀመጠው። ያ ሰው ኤርጎ ነው።

ነገሩ የተጀመረው በአባቶቻቸው ነው። የውባየሁ አያት ከሰሜን ጠመንጃ ይዘው የመጡ፣ መሬት ተሰጥቷቸው በአሪ አገር የከተሙ ሰው ናቸው። የኤርጎ አባት ደግሞ የወልደ ጊዮርጊስ ጭሰኛ ነበሩ። በዓል በመጣ ቁጥር ኤርጎ በቅል ማር ይዞ ከአባቱ ኋላ ይመጣና እንዲገባ እስኪፈቀድለት ከአጥሩ ውጭ ይቆማል። ውባየሁ ጂንካ ወርዶ እስከ ስምንተኛ ክፍል ተማረ፤ የእጅ ጽሑፉ የሚያምር፣ ራፖር ሲጽፍ ዳኛ የሚያስለቅስ ሆነ። ኤርጎ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ሁለት ዓመት ተቀምጦ፣ የእንሰቱ ተክል ጠባቂ አጣ ብሎ ተመለሰ። እንግዲህ በዚህ ዓለም ላይ ፍርድ ካለ ማን ማንን መምራት ነበረበት? ውባየሁ ይህን ጥያቄ ለአሥራ ስድስት ዓመት ሲጠይቅ ኖረ።

በ1967 የመሬት አዋጁ ወጣ። የወልደ ጊዮርጊስ መሬት ለጭሰኞቹ ተከፋፈለ፤ ለውባየሁም እንደ ሰው ሁሉ ደርሶት፣ ከቤታቸው ደጅ ካለችው ትልቅ ዋንዛ ጋር ቀረለት። በዓመቱ የገበሬ ማኅበር ሊቀመንበር ይመረጥ ተባለ። የምርጫው ሥርዓት ቀላል ነበር፤ ተወዳዳሪዎቹ ሜዳው ላይ ይቆማሉ፣ ሕዝቡ ከወደደው ሰው ኋላ ይሰለፋል።

ውባየሁ በአዲሱ ዘመን ቋንቋ ግማሽ ሰዓት ያህል ተናገረ። ፊውዳሊዝምን ረገመ፣ የገዛ አባቱን ሳይቀር አወገዘ። የኤርጎ ተራ ሲደርስ ኮቱን አስተካከለና፣

«እኔ ብዙ አላውቅም» አለ። «የማላውቀውን ነገር ደግሞ ቶሎ አላደርግም።»

አለቀ። ሕዝቡ ተነሥቶ ከኤርጎ ኋላ እስከ ወንዙ ድረስ ተሰለፈ። ከውባየሁ ኋላ አራት ሰው ቀረ፤ ከአራቱም አንዱ ሰልፍ ተሳስቼ ነው ብሎ ቆየት ብሎ ተሻገረ። ውባየሁ ያቺን ሜዳ እስኪሞት ድረስ በቀጥታ አላቋረጣትም፤ ዞሮ ነው የሚያልፋት።

ይባስ ብሎ ጸሐፊ አደረጉት። ሌላ ማን ይጻፍ? ከዚያ ወዲያ ኤርጎ የሚናገረውን ሁለት ቃል ወስዶ፣ አሳምሮና አስፋፍቶ ሁለት ገጽ ቃለ ጉባኤ ማድረግ የውባየሁ ሥራ ሆነ። አውራጃ ያሉት ሹሞች ቃለ ጉባኤውን አንብበው «ይህ ሊቀመንበር ብስል ሰው ነው» ሲሉ ሰማ። ብስሉ ማን ነበር? «ጓድ ሊቀመንበር» የምትለዋን ጥሪ ሲያወጣት አጥንት እንደ ዋጠ ሰው ጉሮሮውን ይይዛል።

የኤርጎ ፖለቲካ አንዲት ቃል ነበረች፦ ትቆይ። ካድሬዎች መጥተው መሬቱን በጋራ እረሱ ሲሉት «ጥሩ ነው፤ ዝናቡ ይለፍና» ይላል። ዝናቡ ሲያልፍ «አዝመራው ይሰብሰብና» ይላል። አዝመራው ሲሰበሰብ ካድሬው ተዛውሮ ሌላ መጥቷል። አይከራከርም፣ እምቢ አይልም፣ አባቱ ያደረጉትን ያደርጋል። ሲጨንቀው «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይላል። ውባየሁ ማታ ቤቱ ገብቶ ለሚስቱ ለብዙወርቅ፣ «እንቁላሉ እኮ ገምቷል!» እያለ ይጮህ ነበር።

በ1978 የመንደር ምሥረታ ዘመቻ እነርሱም ዘንድ ደረሰ። ተራራው ላይ ተበትኖ የሚኖረው ሕዝብ ቤቱን አፍርሶ መንገድ ዳር በመስመር ይስፈር ተባለ። ኤርጎ ለካድሬው ሁለት እጁን ዘርግቶ «እሺ» አለ። «ለአዲሱ ቤት የተባለው ቆርቆሮ በመጣ ማግስት እንወርዳለን።» ቆርቆሮው አልመጣም። የጎረቤት ቀበሌ ሰዎች ግን ቆርቆሮ ሳይሉ ወረዱ፤ የሰባት ዓመት እንሰታቸውን ጃርትና ከርከሮ ጨረሰው። በዓመቱ ሲርባቸው ወደ ኤርጎ ቀበሌ ቆጮ ሊለምኑ መጡ። የውባየሁም እንሰት በኤርጎ «ትቆይ» የተረፈ ነበር። ውባየሁ ይህን ያውቃል። ማወቁ ደግሞ እያንዳንዷን ጉርሻ ያመርርበታል።

አንድ ቀን ቅናቱ አመለጠውና በዚያ በሚያምር ጽሑፉ፣ ስሙን ሳይጽፍ፣ «የቀበሌያችን ሊቀመንበር ለውጥ የማይወድ አድኃሪ ነው» ብሎ ለበላይ ላከ። በሦስተኛው ሳምንት ኤርጎ ለስብሰባ ወደ አርባ ምንጭ በአውሮፕላን ተጠራ። ውባየሁ፣ በቃ ታሠረ ብሎ፣ ሲወሰድ ለማየት ጂንካ ወረደ። አውሮፕላን ሊያርፍ ሲል የሚነፋው ሳይረን ጮኸ፤ ከከተማው መኻል ካለው ማረፊያ ሣር የሚግጡት ከብትና ፍየሎች ተባረሩ፤ አውሮፕላኗ አረፈች። ኤርጎ ማሩን በቅል አንጠልጥሎ ገባ። ውባየሁ ለመጀመሪያ ጊዜ አዘነለት፤ እንዲያውም እጁን አውለበለበለት።

በአሥረኛው ቀን ኤርጎ አዲስ ካፖርት ለብሶ፣ ደረቱ ላይ ሜዳይ አድርጎ ተመለሰ። ለካ ብዙ ቀበሌዎች ሲፈናቀሉ ማሳቸው ጦም አድሮ የታዘዙትን እህል ማስገባት አቅቷቸዋል፤ አሟልቶ ያስገባው የኤርጎ ቀበሌ ነው። ምስጉን ሊቀመንበር ተባለ። የደስታ መግለጫውን ማን ጻፈ? ውባየሁ።

«ከላይ ሲያዩዋት ጂንካ ምን ትመስላለች?» ብሎ መጠየቁ አልቀረም፤ ላለመጠየቅ ሦስት ቀን ታግሎ ነበር።

«ትንሽ ናት» አለ ኤርጎ። «እዚህ ሽቅብ ደግሞ ያንተ ዋንዛ ይታያል።»

ውባየሁ የገዛ ዋንዛውን ኤርጎ እርሱ ባላየበት በኩል ማየቱን እያሰበ አንድ ወር ሙሉ እንቅልፍ አጣ።

እንዲህ እንዲህ እያለ ሰኔ 1979 መጣ። ለብሔራዊ ሸንጎ ተወካይ ይመረጥ፣ ተወዳዳሪዎቹም ሦስት ይሁኑ ተባለ። ፓርቲው ከከተማ አንድ መምህር አቀረበ፤ ገበሬው ኤርጎን አቀረበ፤ ሦስተኛ ሰው ሲጠፋ «ጸሐፊውን ጨምሩት» አሉ። ለማሟያ ነበር። ውባየሁ ግን ከሰማይ እንደ ተጠራ ቆጠረው።

ያን ሰሞን እግሩ መሬት አልነካም። ብዙወርቅ ጎደሬ ስትልጥ አጠገቧ ተቀምጦ የአዲስ አበባ ኑሮውን ይተርክላታል፤ የሚያስረውን ከራቫት፣ መብራት ያለውን ክፍል፣ በአውሮፕላን መስኮት የሚያየውን ዋንዛ።

«እኔስ?» አለችው ብዙወርቅ።

«አንቺማ ከብቶቹን ማን ይጠብቃቸዋል?»

ብዙወርቅ ልጣጩን ጠራርጋ ተነሣች። ጎረቤቷ አስቻለች ባሏ ለሥራ ብሎ አዲስ አበባ ከሄደ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ሌላ አግብቶ፣ ወልዶ፣ በዚያው ቀርቷል። ውባየሁ ይህን ያውቃል፤ ግን ያን ጊዜ ከራቫቱ ላይ ነበር ሐሳቡ።

ከዚያ የምልክቱ ነገር መጣ። ማንበብ ለማይችለው ሰው ሲባል ለየተወዳዳሪው ሥዕል ይሰጠዋል፤ መራጩም አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ ከወደደው ሥዕል ላይ ያትማል። ለእነርሱ የደረሱት ሥዕሎች በሬ፣ ፋኖስና ማሰሮ ነበሩ። ተወዳዳሪዎቹ ተስማምተው ይከፋፈሉ ተብሎ ቅጹ ለጸሐፊው ተሰጠ። መምህሩ የመጣልኝን እወስዳለሁ አለ። ኤርጎ ለቅሶ ሄዶ ነበር። ውባየሁ ብቻውን ተቀመጠና በሬውን ለራሱ፣ ፋኖሱን ለመምህሩ፣ ማሰሮውን ለኤርጎ ጻፈ።

ማሰሮ በዚያ አገር ምን ማለት እንደ ሆነ የሚያውቅ ሰው ተንኮሉን ወዲያው ያያል። ሸክላ ሠሪ ከገበሬ ጋር አይበላም፣ አይጋባም፣ ከአጥሩ በር አያልፍም። ማሰሮውን ደጅ ያስቀምጣል፣ እህሉን ከደጅ ይቀበላል፤ የገበሬው ሴቶች አጥበው ወደ ቤት ያስገቡታል። ብዙው ወንድ በዘመኑ ይህን ላላ አድርጎታል፤ ኤርጎ ግን ከአባቱ ሥርዓት አንዲት ክር አይመዝም። በቤት ምድጃ እሳት ያልጠራ አዲስ ማሰሮ በእጁ ነክቶ አያውቅም፤ አባቱ ሊሞቱ ሲሉ እንዳይነካ አስምለውታል።

ኤርጎ ወረቀቱን ሲያይ ሁለት እጁን ወደ ኋላው ወሰደ።

«ማሰሮ?» አለ።

«ዕጣ ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር። ምን ይደረጋል» አለ ውባየሁ።

ኤርጎ ትክ ብሎ አየውና ሄደ። ከዚያ እስከ ምርጫው ቀን ድረስ ለቅስቀሳ አልወጣም። ውባየሁ ግን ቅዳሜ ገበያ ሳይቀር እየወረደ «ማነው አራሽ ሆኖ በሬ ትቶ ማሰሮ የሚመርጥ?» ይላል። ሰዉም ይስቅለታል። ሳቁን ድምፅ ነው ብሎ ቆጠረው፤ ስሕተቱ እዚያ ላይ ነበር።

የምርጫው ዕለት ጠዋት፣ ሰልፉ ገና ሳይሞላ፣ ከገደሉ ሥር ካለው መንደር ሸክላ ሠሪዎቹ ወጡ። ሽማግሌው ቦሼ ከፊት፣ ሚስቱና ልጆቹ፣ ከዚያ መንደሩ ሁሉ፤ የሴቶቹ ጥፍር ሥር ጭቃው አለ። ስብሰባ በተጠራ ቁጥር ከሰው ርቀው የሚቆሙት ሰዎች ከሰልፉ ገብተው ቆሙ። ገበሬዎቹ አጉረመረሙ።

«ዛሬ ምን አመጣህ፣ ቦሼ?» አለው አንዱ።

«መንግሥት የእጃችንን ሥራ በወረቀት አውጥቶት እንቅር?» አለ ቦሼ። «እኛ ካልመረጥነው ማን ሊመርጠው ነው?»

ከኋላ ያሉት ሴቶች መሳቅ ጀመሩ፤ ማሰሮ ሳይነኩ የሚውሉበት ቀን የላቸውማ። አንድ አረጋዊ ደግሞ ከዘራቸውን ተክለው «ኤርጎ ማሰሮ ቢሉት፣ ቅል ቢሉት፣ ኤርጎ ነው። እንሰታችን ያለው በማን ነው?» አሉ። ነገሩ እዚያ ላይ አለቀ። ውባየሁ አልሰማም፤ የተዘጋጀበትን የምስጋና ንግግር በልቡ ይከልስ ነበር።

ኤርጎ ተራው ደርሶ ከተጋረደው ብርድ ልብስ ኋላ ገባና ቆየ። ሰው ሁሉ አንዴ አትሞ ሲወጣ እርሱ ውስጥ እንዳለ ነው። ሰልፉ ቆመ። በመጨረሻ አውራ ጣቱን በሱሪው እየጠረገ፣ አንገቱን ደፍቶ ወጣ። ውባየሁ በሆዱ ሳቀ። ብዙወርቅም በተራዋ ገብታ ወጣች፤ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አድርጋ፣ ባሏን ሳታየው አለፈች።

ማምሻውን ተቆጠረ። ውጤቱን በመዝገብ የሚያሰፍረው እንደ ተለመደው ጸሐፊው ነው። ማሰሮ፣ ስድስት መቶ አሥራ ሦስት። ፋኖስ፣ ሠላሳ ሰባት። በሬ፣ ሁለት። ያቺን ሁለት ቁጥር ሲጽፋት ከምንጊዜውም ይልቅ አምራ ወጣችለት። በሌሎቹም ጣቢያዎች ማሰሮው አሸነፈ፤ ሸክላ ሠሪው ከየገደሉ ወጥቶ ነበር።

ውባየሁ በጨለማ ወደ ቤቱ ሄደ። በመንገድ ላይ አለቀሰ፤ ከአባቱ ሞት ወዲህ እንደዚያ አልቅሶ አያውቅም። ስድስት መቶ ሰው! ምን አላት ያቺ ትቆይ የምትባል ቃል? ደጁ ሲደርስ ግን አንድ ሐሳብ ቀጥ አድርጎ አቆመው። በሬ፣ ሁለት። አንዷ የራሱ ናት። ሁለተኛዋስ?

ብዙወርቅ እሳቱ አጠገብ ተቀምጣ ነበር።

«ሁለት ድምፅ ነው ያገኘሁ» አላት። «አንዷ... አንቺ ነሽ?»

ብዙወርቅ እሳቱን ቆሰቆሰች። «ታዲያ ሌላ ማን ይሆናል ብለህ ነው?» አለች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ውባየሁ ሌላ ሰው ሆነ። በሁለተኛው ቅዳሜ ከጂንካ ጥበቡ ያማረ ነጠላ ገዛላት። በቤት ውስጥ መጮኽ ተወ። ጎረቤት እየሳቀበት ውኃ ይቀዳላት ጀመር፤ ጎደሬ ስትልጥ ቢላዋ ይዞ አጠገቧ ይቀመጣል። ቅናቱ ለቀቀው ማለት አይደለም። ሳይረኑ በጮኸ ቁጥር፣ ኤርጎ ለሸንጎ ሲሄድና ሲመለስ፣ የያዘውን ሥራ ጥሎ ሰማዩን ያያል። በሬዲዮ «የተከበራችሁ የሸንጎ አባላት» ሲባል ወደ ደጅ ይወጣል። ግን ተመልሶ ይገባና ብዙወርቅን ያያታል። ኤርጎ ስድስት መቶ ሰው አለው፤ እኔ አንዲት ሰው አለችኝ፤ የእኔዋ ግን ሁሉም በሬውን ሲተውት ያልተወች ናት፤ ይላል። በዚህች አንዲት ድምፅ አራት ዓመት ኖረ።

ግንቦት 1983 መንግሥቱ ወደቀ። ሸንጎውም፣ ሜዳዩም፣ ጓድ መባባሉም ቀረ። ኤርጎ ከአዲስ አበባ በጭነት መኪና፣ በእግር፣ እንደገና በጭነት መኪና ተጉዞ በአሥራ ሁለት ቀኑ ገባ። ካፖርቱን ሸጦ በልቶታል። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ወደ ውባየሁ ቤት መጣና እንደ ልጅነቱ ከአጥሩ ውጭ ቆመ።

«ግባ እንጂ» አለ ውባየሁ። ጓድ ላለማለት ትንሽ መታገል ነበረበት።

ዋንዛው ሥር ተቀመጡ። ብዙወርቅ ቦርዴ በቅል አቀረበችላቸውና ከበሩ ላይ ቆመች። ውባየሁ ቂሙን ሁሉ እያሰበ ሳለ አፉ የቅናቱን ጥያቄ ጠየቀ።

«ሸንጎ ውስጥ ምን ትሠራ ነበር?»

«እጄን አወጣለሁ» አለ ኤርጎ። «ሲያወጡ አወጣለሁ። አንድ ቀን ቀስ ብዬ አወጣሁ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ከዚያ ቶሎ ማውጣት ለመድሁ።» ቦርዴውን ጎንጨት አለ። «እኔ እኮ ደስ አላለኝም፣ ውባየሁ። አንተ ብትሄድ ይሻል ነበር። አንተ ነገር ታውቃለህ።»

ውባየሁ ይህን ቃል አሥራ ስድስት ዓመት ሲጠብቀው ኖሮ፣ ሲመጣ የሚይዝበት ቦታ አጣ።

«ማሰሮውን የሰጠኸኝ አንተ ነህ» አለ ኤርጎ ቀጥሎ፣ ሳይቆጣ። «ዕጣ እንዳልነበር ያኔውኑ አውቄአለሁ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልህ?»

«ምን ልበል? ሰዉ መረጠኝ። ቦሼ ባገኘኝ ቁጥር 'የእኛ ሰው' ይለኛል፤ እኔ ደግሞ ከአጥሬ አላስገባውም። አፈርሁ። ትናንት ሊጠይቀኝ መጣና አጥሩን አልፎ ገባ። አልከለከልሁትም። ቀስ በቀስ ነው።» አውራ ጣቱን አየት አደረገ። «እኔ ግን ያን ቀን አልቻልሁም። አባቴ አስምሎኛል። ጣቴን ማሰሮው ላይ ላሳርፍ ስል እምቢ አለኝ። ብዙ ቆምሁ። ኋላ በሬው ላይ አተምሁት። ድምፄን ለአንተ ነው የሰጠሁት፣ ውባየሁ።»

ውባየሁ መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ በልቡ ቆጠረ። በሬ፣ ሁለት። አንዷ የእርሱ፣ አንዷ የኤርጎ። እንደገና ቆጠረ፤ ሁለት ከሁለት አይበልጥም። ቀስ ብሎ ወደ በሩ ዞረ።

ብዙወርቅ እዚያው ቆማለች። ያቺን ነጠላ ለብሳለች።

«አንቺስ?» አላት።

«ማሰሮው ላይ ነው ያተምሁት» አለች።

ኤርጎ ቅሉን አስቀመጠና ተነሣ፤ ማንም አላስቀመጠውም፣ ማንም አልሸኘውም። አጥሩን ዘግቶ ሄደ።

«አራት ዓመት!» አለ ውባየሁ። ድምፁ ተሰበረ። «ለእርሱ! አንቺም ለእርሱ!»

«ለእርሱ አይደለም።»

«ታዲያ ለማን ነው?»

«እኔስ ብዬ ጠይቄህ ነበር» አለች ብዙወርቅ። «ከብቶቹን ማን ይጠብቃል አልኸኝ። የአስቻለች ባል እንደ ቀረ ልትቀርብኝ ነው አልሁ። አዲስ አበባ ያሉትን ሴቶች አላውቃቸውም፤ ግን ቀናሁባቸው። ለአንተ ባትም ትሄዳለህ። እንዳትሄድ አተምሁ።»

ውባየሁ ዋንዛው ሥር ቁጭ እንዳለ ቀረ። ከልጅነቱ ጀምሮ በሰው ሲቀና ኖሯል፤ በእርሱ ምክንያት ሰው ይቀናል ብሎ ግን አንድም ቀን አስቦ አያውቅም። ሊቆጣ ፈለገ፤ ቁጣው የት እንደ ገባ ጠፋው።

«ያኔ ለምን አልነገርሽኝም?» አላት በመጨረሻ።

ብዙወርቅ የቦርዴውን ቅሎች ሰበሰበች።

«ውኃ ትቀዳልኝ ጀመርህ» አለችና ወደ ቤት ገባች።